የዳገቱ ምት

ከበሮው ዱብ አለ፤ አሥራ ስድስት ግራ እግር ተነሳ። ዱብ፤ አሥራ ስድስት ቀኝ እግር። በአራት አጣና ላይ በጠፍር የታሰረው የማተሚያ መኪና ብረት፣ ከሥሩ ሰው የሌለ ይመስል ቀጥ ብሎ ዳገቱን ተያያዘው። የሰው አልጋ የሚያህል አንድ ወጥ ብረት ነው። የቀረው የመኪናው አካል ተፈታትቶ በበቅሎ ቀድሞ ሄዷል፤ ይኼኛው ግን አይፈታም፣ አይከፈልም፣ በቅሎም አይችለውም። ከባሕሩ ወደብ ተነስቶ፣ በተራራው አንገት ተሻግሮ፣ ወደ ላይኛው ከተማ የሚገባው በሰው ትከሻ ብቻ ነው።

ከፊት ከበሮውን ደረቱ ላይ አንግቶ የሚሄደው መቺ፣ ሠራዊት ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት አገልግሏል። ምቱ አንድም ቀን ተዛንፎ ስለማያውቅ ከሻለቃው እስከ ምግብ አብሳዩ ድረስ ሰው ሁሉ «ሰዓቱ» ይለዋል። ኩራቱም ይኸው ነበር። ሰው ይደክማል፣ በቅሎ ይለግማል፤ የእሱ ከበሮ ግን ጠዋት የጀመረውን ማታ ይደግማል።

ያን ዕለት ሰዓቱ ደስ ብሎት ነበር። አሥራ ዘጠኝ ቀን በቆላው ሲቃጠሉ ከርመው፣ እውነተኛ ብርድ ፊታቸውን የዳሰሳቸው ገና ያን ጠዋት ነው። የቆላውን ነገር ሊያወራው ቀርቶ ሊያስበውም አይፈልግም። ብረቱ ራሱ እንደ ምድጃ ይግል ነበር፤ ቀትር ላይ መዳፉን ያሳረፈበት ሰው ቆዳውን ትቶ ነው የሚሄደው። የጠጡት ውሃ ሆዳቸው ሳይደርስ በላብ ይወጣል። ልብሳቸው ላይ ጨው ነጭ መስመር ሠርቶ ይደርቃል። ከዚያ የባታቸው ሥጋ እንደ ገመድ ይቋጠርና መሬት ላይ ያንፈራግጣቸዋል። ዘዴው የተገኘው ብዙ ከተቀጡ በኋላ ነው፦ ጎህ ሲቀድ በቅዝቃዜው ፈጠን ብሎ መሄድ፣ ፀሐይ ስትበረታ ጥላ ሥር ተኝቶ መዋል፣ ውሃው ውስጥ ጨው ጣል ማድረግ። ለዚያች ለቀዝቃዛዋ ጊዜ ሰዓቱ የራሷን ምት አወጣላት፤ ፈጠን ያለች፣ እግርን የምታስፈነጥዝ። «የማለዳ ምት» አሏት። ብርድ ካለ ጉልበት አለ፤ ይህንን በሥጋቸው ተምረውታል።

እንግዲህ ተራራው ላይ ሲወጡ ብርዱ ጠዋትም ቀትርም ሆነ። ሰዓቱም የማለዳ ምቱን ጠዋትም ቀትርም መታት።

ሁለት መቶ እርምጃ ያህል እንደሄዱ፣ ከኋላው የሚሰማው የእግር ድምፅ ድንገት ተፈረካከሰ። አንድ ሰው አቃሰተ፤ ብረቱ ወደ ግራ አዘመመ።

«ባላ! ባላ አግቡ!»

ለዚሁ የተያዙት መንታ እንጨቶች ከአጣናዎቹ ሥር ገቡና ብረቱ አየር ላይ እንዳለ ቆመ። ሰዓቱ ሲዞር ከሁሉም አስቀድሞ ያየው የታናሽ ወንድሙን ጀርባ ነው። በሁለት እጁና በሁለት ጉልበቱ ተደፍቶ፣ አፉን ከፍቶ ይተነፍሳል።

ሰዓቱ ከበሮውን እንዳነገተ ወደ እሱ ሮጠ።

ወንድሙን «ጉልቤ» ነው የሚሉት። ከአሥራ ስድስቱ ሁሉ ደረቱ የሰፋ፣ ክንዱ የሌላውን ሰው ጭን የሚያህል ሰው ነው። ሁለት ዓመት የጨው ጉድጓድ እስረኛ ሆኖ የቆየው፣ አንድ ሽማግሌ ሠራተኛ በእርግጫ ሲመታ አይቶ የመታውን አለቃ በቦክስ ስለዘረረ ነው። ከእስረኞቹ መካከል ብረቱን የሚሸከሙ ሰዎች ሲፈለጉ «ተራራውን ላሻገረ ነፃነቱ ይሰጠዋል» የሚል ቃል ወጣ። ሰዓቱ ሻለቃው እግር ሥር ወድቆ «ወንድሜን በእኔ ዋስትና ይያዙልኝ» ብሎ አስመዘገበው። ግን ቃሉ ጅራት ነበረው፦ ሦስት ጊዜ ከአጣናው ሥር የወደቀ ሰው ታስሮ ወደ ጨው ጉድጓድ ይመለሳል። የአንድ ሰው መውደቅ አሥራ አምስቱን ሊጨፈልቅ ይችላልና።

አጃቢው ወታደር መጥቶ፣ ለውድቀት መቁጠሪያ በየሸክመኛው እጅ አንጓ ላይ ከታሰረው ሲባጎ የጉልቤን ያዘና ሁለተኛ ቋጠሮ ቋጠረ። የመጀመሪያው በቆላው፣ በአራተኛው ቀን፣ ባቱ በተቋጠረ ጊዜ የመጣ ነው።

«ይሄ ነው ጉልቤህ?» አለ ሻለቃው ከበቅሎው ላይ ሆኖ። «በዚያ እሳት ውስጥ እየዘፈነ የተሸከመ ሰው፣ እዚህ አየሩ እንደ ምንጭ ውሃ በቀዘቀዘበት ይወድቃል? መለገም ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል!»

«አልለገመም ጌታዬ።»

«ታዲያ ምን ሆነ?»

ሰዓቱ ወደ ኋላ ዞሮ «እማማ!» ብሎ ተጣራ።

ከኋላ ኋላ በትንሽ አህያ የምትከተለው ወጌሻዋ ደርሳ ጎንበስ አለች። ዕድሜዋ ከስድሳ ያለፈ፣ እጇ እንደ አናጢ እጅ የጠነከረ ሴት ናት። የሻለቃውን የወለቀ ጉልበት ከመለሰችለት ወዲህ ከእሷ ጋር ሲነጋገር ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። የጉልቤን ባት ጨመቀች። ጭኑን ጨመቀች። ከዚያ ቅንድቧን ሰበሰበች።

«እንግዳ ነገር ነው» አለች።

«ምኑ እማማ?»

«ልስልስ ነው። አልጋለም፣ አልተቋጠረም። የቆላው ጊዜ ይሄ ሥጋ ድንጋይ ነበር።» አንገቱ ላይ ሁለት ጣቷን አሳርፋ ከንፈሩን አየች። «ከንፈርህ ደግሞ ጠቁሮ እንጆሪ የበላ ልጅ ከንፈር መስሏል።»

ጉልቤ ቀና አለ። መቶ እንኳ ሳይቆጠር ተነስቶ ቆመ። የራሱ እግር የሌላ ሰው እንደሆነ ሁሉ ቁልቁል እያየው፣ «ደህና ነኝ» አለ። «ቆይ፣ ምን ሆኜ ነው የወደቅኩት?»

ሸክመኞቹ ሳቁ። ሰዓቱ ግን አልሳቀም፤ ጥያቄው ከነከነው። በቆላ የወደቀ ሰው ፀሐይ እስክትጠልቅ አይነሳም ነበር። ይህ ሰው መቶ ሳይቆጠር ተነሳ። ድካም ነው እንዳይባል እንዴት እንዲህ ቶሎ ይለቃል? ድካም አይደለም እንዳይባል እንዴት ይህን የሚያህል ሰው ይጥላል?

*

ቀትር ላይ ከአንድ ትልቅ ቋጥኝ ጀርባ ነፋሱን ከልለው አረፉ። ምግብ አብሳዩ ድስቱ ላይ ተደፍቶ ያጉረመርማል።

«እዩት እስቲ! ውሃው ገና ከመጣዱ ይንተከተካል፤ ባቄላው ግን ጥርስ ይሰብራል። እሳቱን ጨመርኩ፣ ጨመርኩ፣ ወይ ፍንክች! ባቄላውም እንደ ጉልቤ ለገመ።»

«እኔን ተወኝና ባቄላህን አብስል» አለ ጉልቤ።

ሰዓቱ ወጌሻዋ አጠገብ ተቀመጠ። ብዙ የማይናገር ሰው ነው። መጻሕፍት አልተማረም፤ የሚያውቀውን ሁሉ ያወቀው ጆሮውን ጥሎ በመስማት ነው። ከመጠየቁ በፊት በልቡ «አምላኬ፣ ማስተዋሉን ስጠኝ» አለ።

«እማማ፣ ቆላው ላይ ሰዎቹ ሲወድቁ ምን ነበር የሆኑት? ከመጀመሪያው ይንገሩኝ።»

«ምን ልታደርገው?»

«ልወቀው።»

ወጌሻዋ ጥያቄው ጣማት። እግሯን ዘርግታ ተመቻቸች። «እኔ እንግዲህ በእጄ ያየሁትን ነው የምነግርህ። በሙቀት ጊዜ የሰው ቆዳ ይቀላል፣ ይረጥባል፣ አይደል? ደሙ ወደ ላይ ወጥቷል ማለት ነው፤ ሰውነቱ እንዳይቃጠል ሊያበርደው። ጡንቻውም በዚያው ሰዓት ደሙን ይፈልገዋል፣ ሸክም አለበታ። ቆዳው ና ይለዋል፣ ጡንቻው ና ይለዋል። ቆዳው ያሸንፋል። ጡንቻው ጦሙን ያድራል። ልብ ለሁለቱም ለማዳረስ እንደ ወፍ ይመታል። በዚያ ላይ ላቡ ጨውን ይዞት ይሄዳል፤ ያኔ ነው ሥጋው የሚቋጠረው።»

«በኋላ ግን ተሻላቸው።»

«ለመዱታ! በአሥረኛው ቀን ገደማ ልብሳቸው ላይ ያ ነጭ መስመር እየቀጠነ ሲሄድ አላየህም? ላቡ ቶሎ ይመጣል፣ ጨውን ግን አይሰጥም። ገላ ቆጣቢ ሆነ። እግዜር ሲሠራው እንዲህ አድርጎ ነው።»

ሰዓቱ ራሱን ነቀነቀ። «እዚህስ? እዚህ ቆዳው ምንም አይጠይቅም። ደሙ ሁሉ የጡንቻው ነው። ታዲያ ምን ጎደለው?»

«እሱን ነው እኔም ያላገኘሁት።» ወደ ምግብ አብሳዩ ድስት ዞረች። ውሃው ይፍለቀለቃል። አየችውና ወደ ሰዓቱ ተመልሳ «አንተ፣ እስቲ ጥልቅ አድርገህ ተንፍስ» አለችው።

ተነፈሰ።

«ጠገብክ?»

ግራ ገባው። እንደገና ተነፈሰ። ያን ጊዜ ልብ አለ፤ አየሩ ንጹሕ ነው፣ ቀዝቃዛ ነው፣ ግን አይሞላም።

«የሳሳ መረቅ» አለች ወጌሻዋ በቀስታ፣ ራሷም ገና እየደረሰችበት። «ወፍራሙን አንድ ጭልፋ ከጠጣህ ትጠግባለህ። የሳሳውን ግን ሁለት፣ ሦስት ጭልፋ ካልደገምክ አይዝህም። እዚህ ላይ አየሩ ሳስቷል፤ ባቄላውን እንቢ ያሰኘውም ይኸው ሳይሆን አይቀርም። ለዚህ ነው የወደቀው ሰው ትንሽ ሲተነፍስ የሚነሳው፤ መረቁን ደጋግሞ ጠጥቶ ነዋ!»

«ታዲያ ለምን ከሁሉም በፊት ጉልቤ?»

«ያን ሁሉ ሥጋ ማን ይመግበው? ብዙ ሥጋ ብዙ ይበላል።» ከዚያ ጣቷን ከበሮው ላይ ቀሰረች። «ይሄ ደግሞ ለአንድ ጭልፋ ብቻ ነው ጊዜ የሚሰጣቸው።»

ሰዓቱ ፊቱ ጋለ። «እኔ እኮ ብርዱን አይቼ ነው። ብርድ ሲሆን ጉልበት አለ ብዬ...»

«አንተ ደክሞሃል?»

«እኔማ ምን ሸክም አለኝና?»

«እሱን ነው የምልህ» አለችና ወደ ባቄላው ዞረች።

*

ከሰዓት በኋላ ትከሻው የተላጠ አንድ ሸክመኛ ነበር። ሰዓቱ ከበሮውን ከአንገቱ አውልቆ አጠለቀለትና «የማለዳ ምቷን፣ ሳታጎድል» አለው። ራሱ ከጉልቤ ጎን አጣናው ሥር ገባ።

«ጋሼ፣ ምን ነካህ?» አለ ጉልቤ ዓይኑን አፍጥጦ።

«ዝም ብለህ ሂድ።»

ዱብ። ተነሱ። የመጀመሪያው ሃያ እርምጃ ምንም አይደለም። ሰዓቱ እንዲያውም «ይሄን ነው እንዴ የሚያማርሩት» ብሎ በልቡ ታበየ። በሠላሳኛው ልቡ ጆሮው ውስጥ መምታት ጀመረ። በአርባኛው፣ ጭኑ ውስጥ አንድ ነገር ቀስ እያለ መሙላት ያዘ፤ ሕመም አይደለም፣ ቁርጠት አይደለም፣ እርጥብ ጭቃ የፈሰሰበት ይመስል ክብደት ብቻ። እግሩን ይጠራዋል፤ እግሩ ይሰማል ግን ይዘገያል። ለመተንፈስ አፉን ሲከፍት ከበሮው «ዱብ» ይለዋል፤ ትንፋሹ ግማሽ ላይ ይቀራል። ደግሞ ሲከፍት፣ ዱብ። ያን ከበሮ የሚመታውን ሰው ቢያገኘው አንቆ ይገድለው ነበር።

«እንዴት ነች ምቷ፣ ጋሼ?» አለ ጉልቤ በተቆራረጠ ትንፋሽ።

«ዝም... በል...»

«የማን... ፈጠራ ነች?»

ከኋላ ያሉት በዚያ ሁሉ ጭንቅ ውስጥ በሳቅ ፈነዱ። «ባላ!» ብሎ የጮኸው ራሱ ሰዓቱ ነው። ብረቱ ሲቆም አጣናውን ተደግፎ አፉን እንደ ዓሣ ከፈተ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ያ ጭቃ የመሰለ ነገር ከጭኑ እየተንጠፈጠፈ ሲወጣ ተሰማው። እውነትም ይለቃል! መቶ ሳይቆጠር ይለቃል! ድካሙን ረስቶ እንደ ሕፃን ተደነቀ።

ሃያ ሁለት ዓመት እግሮችን ሲያዝ ኖሯል። አንድም ቀን ግን ትንፋሽን ጠይቆ አያውቅም።

*

ሻለቃው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ቸኩሎ ነበር። በተራራው አንገት፣ በመተላለፊያው ጫፍ ላይ ከከተማው የሚመጡ ሹማምንት ብረቱን ሊቀበሉ ቀን ቆርጠዋል፤ የቀረው ሦስት ቀን ነው። ሰዓቱ ኮፍያውን አውልቆ ከበቅሎው ጎን ቆመ።

«ጌታዬ፣ ምቱን ላዘግየው።»

«ቸኩለናል ስልህ አዘግያለሁ ትለኛለህ? ከበሮው ጆሮህን ደፈነው እንዴ?»

«ካዘገየሁት ቶሎ እንደርሳለን።»

ሻለቃው ወጌሻዋን አያት፤ ይህ ሰው ታሟል ወይ ማለቱ ነው።

«ይስሙት» አለች ወጌሻዋ። «ሰዓት አለዎት አይደል? ይለኩት።»

ይህች ቃል ሻለቃውን ያዘችው። የኪስ ሰዓቱን በሰንሰለት ይዞ ሁሉን ነገር መለካት የሚወድ ሰው ነው፤ የበቅሎውን እርምጃ ሳይቀር ለክቷል። መንገዱ ደግሞ በዚያ ቦታ እየተጠማዘዘ የሚወጣ ነው። የጠረቡት የጥንት ሰዎች እያንዳንዱን ጥምዝ እኩል እንዳደረጉት ሻለቃው ራሱ በገመድ አረጋግጧል።

«ይሁን። የመጀመሪያውን ጥምዝ በድሮው፣ ሁለተኛውን ባንተ» አለ። «ግን በዚህ መሃል የወደቀ ሰው ቋጠሮው ይታሰራል። ሕግ ሕግ ነው።»

ሰዓቱ ወደ ወንድሙ አየ። ጉልቤ ትከሻውን ነቀነቀ። «ምታ እንጂ። ያው መውጣታችን አይቀርም።»

የመጀመሪያውን ጥምዝ በማለዳ ምት ወጡት። ሰዓቱ ጆሮው ከኋላ ነበር፤ የወንድሙ ትንፋሽ መቆራረጥ ሲጀምር ቀድሞ «ባላ!» ይላል። ሦስት ጊዜ ቆሙ። ጥምዙ ሲያልቅ ሻለቃው የኪስ ሰዓቱን አየ። ሃያ አንድ ደቂቃ።

ለሁለተኛው ሰዓቱ ፊቱን ወደ ሸክመኞቹ አዞረና ኋሊት እየሄደ መምታት ጀመረ። ዓይኑ ደረታቸው ላይ ነው። ደረታቸው ሲነፋ ይጠብቃል፤ ሲወርድ፣ ዱብ። አንድ እርምጃ። እንደገና ይጠብቃል። ከበሮው እስከዚያ ቀን ሰው ይመራ ነበር፤ አሁን ግን ሰውን ተከተለ። እጁ እምቢ አለው። ሃያ ሁለት ዓመት የለመደችው እጅ ቀድማ ልትወድቅ ትፈልጋለች፤ ጥርሱን ነክሶ ያዛት።

«ቀብር ላይ ነን እንዴ?» አለ አንዱ ወታደር። ሸክመኞቹ ትንፋሻቸውን ለወሬ አላባከኑም።

ባላ አልተጠራም። አንድም ጊዜ። ጥምዙ ሲያልቅ ሻለቃው የኪስ ሰዓቱን አየና አናወጠው፤ ጆሮው ላይ አስጠግቶ አዳመጠ።

«የቆመ መሰለኝ።»

«ስንት ይላል?» አለች ወጌሻዋ።

«አሥራ ስምንት።»

ጉልቤ ቆሞ ነበር። ከንፈሩ ደም መልሷል።

ሻለቃው ሰንሰለቱን ኪሱ ውስጥ ሲከት ብዙ ጊዜ ወሰደበት። «እንዴት ሊሆን ይችላል?» አለ ለራሱ። ከዚያ ወደ ሰዓቱ ዞሮ፦ «እስከ ጫፉ በዚሁ ምታ።»

ወጌሻዋ አየሩን እስኪለምዱት አንድ ቀን እንዲያርፉ ለመነችው፤ ግማሽ ቀን ሰጣት። እሷም ውሃ እየዞረች አስጠጣቻቸው። «ብርድ ነው ብላችሁ አትተዉት። ውሃው በትንፋሻችሁ እየወጣ ነው፤ ያ ጭስ የምትሉት የራሳችሁ ውሃ ነው» ትላቸዋለች። ሁለት ቀን እንዲሁ ወጡ፤ እርምጃ፣ ትንፋሽ፣ እርምጃ። በጉልቤ ሲባጎ ላይ ሁለት ቋጠሮ ብቻ እንዳለ ቆየ።

*

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ የመተላለፊያው አፍ ታየ። በሁለት ገደል መሃል የተከፈተ፣ ነፋስ የሚያፏጭበት ጠባብ በር ነው። ከበሩ ላይ ፈረሰኞች ተሰልፈዋል፤ ካባ የደረቡ ሹማምንት በመሃል። የቀረው ሦስት መቶ እርምጃ ቢሆን ነው።

ሻለቃው የካባውን ቁልፍ ቆለፈ፣ ጢሙን አስተካከለ። ድምፁ ተለወጠ።

«በሰልፍ ምት!»

ሰዓቱ የሰማውን አላመነም። የሰልፍ ምት ከማለዳ ምትም የፈጠነች ናት፤ ወታደር በአደባባይ ጡሩንባ እየተነፋለት የሚሄድባት።

«ጌታዬ...»

«እንደ ሬሳ ተሸካሚ እየተጎተትን ሹማምንት ፊት አንቀርብም። ሦስት መቶ እርምጃ ነው። ይችሉታል።»

ሰዓቱ ወደ ኋላ አየ። ያን ከፍታ እስከዚያ ቀን አልደረሱበትም፤ አየሩ ከትናንቱም ሳስቷል። የጉልቤ ደረት ቆመው ሳለ እንኳ ይወጣል፣ ይወርዳል። ከግራቸው ገደል ነው፤ ድንጋዩ ላይ ውርጭ አለ። ጉልቤ ወንድሙን አየው። አልለመነም። ሻለቃው ካዘዘ ከበሮው እንደሚመታ ያውቃል፤ ሁልጊዜም እንዲያ ነበር። ዓይኑን ወደ መሬት መልሶ እግሩን አመቻቸ፤ ሊሞክር።

ሰዓቱ ዱላዎቹን አነሳ። ጠበቀ። አሥራ ስድስት ደረት ተነፋ። ሲወርድ፣ ዱብ።

«የሰልፍ ምት አልኩህ!»

ጠበቀ። ዱብ።

«አንተ! አትሰማም?»

«እሰማለሁ ጌታዬ» አለ ሰዓቱ። ዓይኑን ከደረታቸው አላነሳም። «የእነሱንም እሰማለሁ።»

ሻለቃው ፊቱ ደም መሰለ። ለወታደሩ «ከበሮውን ተቀበለው!» አለ። ወታደሩ ሁለት እርምጃ ተራመደና ቆመ። ብረቱ ገደሉ አፍ ላይ ነው፤ አሥራ ስድስት እግር በአንድ ምት ላይ ተንጠልጥሏል። ምቱ ቢቋረጥ ማን በየትኛው እግሩ እንደሚቀር አይታወቅም። ሻለቃውም አየው። ጥርሱን ነክሶ ወታደሩን በእጁ መለሰው።

ዱብ። ትንፋሽ። ዱብ። ትንፋሽ።

ሹማምንቱ ጠበቁ። ፈረሶቻቸው በአፍንጫቸው ጭስ እየተፉ መሬት ጫሩ። መቶ እርምጃ ሲቀር የጉልቤ ትንፋሽ ከሌሎቹ ተነጥሎ ወጣ፤ ሰዓቱ በጆሮው ለየው፤ አጭር፣ የሚፋጭ። ምቱን ከዘገየውም አዘገየው። አሥራ አምስቱ በአንድ እግር ቆመው አንዱን ጠበቁት። የጉልቤ ጉልበት ተንቀጠቀጠ፣ ታጠፈ፣ መሬት ሊነካ አንድ ስንዝር ቀረው። ሰዓቱ ዱላውን አየር ላይ ያዘ። ፀጥታው ረዘመ፤ ነፋሱ ብቻ ያፏጫል። ጉልቤ አንድ ጊዜ ሳበ፣ ሁለተኛ ሳበ፣ ሦስተኛ ሳበ። ጉልበቱ ተዘረጋ።

ዱብ።

ብረቱ የበሩ ድንጋይ ላይ ሲያርፍ ከተራራው ሥር የሆነ ነገር የመለሰለት ያህል መሬቱ ነዘረ። ከዚያ ወታደሩ በቢላ አሥራ ስድስቱንም ሲባጎ ቆረጠ። ጉልቤ ሲባጎው የነበረበትን አንጓ በሌላ እጁ ያዘና ሰማይ ሰማዩን እያየ ቆመ፤ እንባው ወደ ጆሮው ወረደ።

ሻለቃው ከሹማምንቱ ተመልሶ ሰዓቱ ፊት ቆመ። ቁጣው በርዶለታል።

«ልክ ነበርክ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ግን በሹማምንት ፊት እምቢ ብለኸኛል። ይህን ካለፍኩህ ነገ የሚታዘዘኝ የለም።» እጁን ዘረጋ። «ከበሮውን።»

ሰዓቱ ማንገቻውን በራሱ ላይ አሳልፎ አወለቀ። ደረቱ ላይ ሃያ ሁለት ዓመት የነበረው ክብደት ሲነሳ ብርዱ በዚያ በኩል ገባበት። ሰጠው። እጅ ነሳ።

*

ወደ ከተማው የሚወስደው ቁልቁለት በፀሐይ ተጥለቅልቋል። ወንድማማቾቹ ባዶ እጃቸውን ወረዱ፤ ወጌሻዋ በአህያዋ ላይ ሆና ከኋላቸው።

«ለእኔ ብለህ እንጀራህን አጣህ» አለ ጉልቤ።

«ለአሥራ ስድስታችሁ ነው።»

«ዋሽተህ አታውቅም፤ ዛሬም አትልመድ።»

ሰዓቱ ሳቀ። ሳቁ ራሱን አስገረመው። ጥቂት እንደወረዱ ጉልቤ ድንገት ቆሞ ጭኑን በሁለት እጁ ያዘ።

«ጋሼ፣ ና እስቲ እየው። ሸክም የለኝ፣ ዳገት የለ፣ አየሩም እየወፈረ ነው። ታዲያ ይሄ እግር ለምን እንደ ቅጠል ይንቀጠቀጣል?»

ሰዓቱ ተንበርክኮ የወንድሙን ጭን እንደ ወጌሻዋ በመዳፉ ጨመቀ። እውነትም ይንቀጠቀጣል። የቆላውን አይመስልም፣ የደጋውንም አይመስልም። ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠው።

«እማማ» አለ ዞሮ ሳያይ፣ «እርስዎ ይውረዱና ይምጡ። ይሄ ሌላ ነው፤ የቁልቁለት ድካም ይሆን?»

ወጌሻዋ ከአህያዋ እየወረደች ነበር።